መቶ ዲግሪ

የፊዚክስ መምህሩ ሁለት ጊዜ ተገምግሞ ወድቋል። ዛሬም ከወደቀ ከማስተማር ተነስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ሊመደብ ነው። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍሎችን ስለ ውሃ መፍላት ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለማምዳቸው ሰነበተ።

ከወረዳ የመጣው ሱፐርቫይዘር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መምህሩ ድስቱን የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጥዶ ማብሪያውን ተጫነ። ትርሲት ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ነክራ ታነብ ጀመር።

«ሃያ ዲግሪ፣ ቲቸር!»

ልጆቹ ጻፉ።

«ስልሳ!»

ጻፉ።

«መቶ! ፈላ!»

«ሙቀቱን ብንጨምርስ?» አለ መምህሩ።

«ከመቶ አያልፍም! ውሃው እንፋሎት ይሆናል እንጂ!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ሱፐርቫይዘሩ ተነስቶ ድስቱ ላይ አጎነበሰ። ቀና ሲል መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ ጠረገ።

«እንፋሎቱ መነጽሬን አደበዘዘብኝ እኮ!» አለ። ቅጹ ላይም «ውሃው ሲፈላ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። መምህሩ እፎይ አለ።

ፊርማው ሳይደርቅ ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ክፍሉ በሙሉ እንደ ልማዱ እያጨበጨበ ጮኸ፦

«መጣ! መብራት መጣ!»