የኋላው በር ስፒከር

የመኪና ኤሌክትሪሽያኑን ሰፈሩ «ጆሮው» ነው የሚለው። እህቱ ምሳ ቀረበ ብላ ስትጮህ አይሰማም፤ የላላች ሽቦ ግን መንገድ ማዶ ብትንጫጫ ድምጿ ይሰማዋል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ግራጫ መኪና ግቢው ውስጥ ዘው አለች። በሩ ክፍት ባይሆን ኖሮ ሰብራው ነበር የምትገባው። የምትነዳው ሴት ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ፍሬን ለመርገጥ እግሯ ይንጠራራል። ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ በዚያ ሙቀት የአዋቂ ሹራብ ለብሳ ተቀምጣለች።

«ወንድሜ፣ በሩን ዝጋልኝ» አለች ሴትየዋ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«የመኪናውን?»

«የግቢውን!»

ዘጋላት።

«ስፒከሩ አዲስ ነው፣ በቅርቡ ነው የተገጠመው። በመሐል ጥርር... ጥርር... ይላል። ሰው ሊናገር ጉሮሮውን የሚጠርግ ነው የሚመስለው። ልጅቷ ደግሞ ዘፈን ካልተከፈተላት ለቅሶዋን አታቆምም። ቶሎ በልልኝ፣ መንገዴ ረጅም ነው።»

«ማን ገጠመው?»

«እሱ ነዋ» አለች። ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

ኮፈኑን እንድትከፍትለት ጠየቃት። መክፈቻውን ስትፈልግ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳች፣ መብራት አበራች፣ ጥሩምባ ነካችና ራሷ ደነገጠች። በመጨረሻ እሱ እጁን አስገብቶ ከፈተው።

«ከመኪናው ጋር ገና አልተዋወቃችሁም» ብሎ ቀለደ።

«የእሱ መኪና ነው።» ፈገግም አላለች።

ጆሮው ሥራውን ጀመረ። ነዳጅ ሰጥቶ ሞከረ፤ ጥፋቱ ከሞተሩ ቢሆን ጩኸቱ አብሮ ይጨምር ነበር፣ አልጨመረም። ከመኪናው ብረት ጋር የምትታሰረዋን ሽቦ ፈትቶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ጠበቅ አድርጎ መለሳት። ጩኸቱ ቆመ። ሴትየዋም እፎይ ልትል አፏን ስትከፍት፦

ጥርር። ጥር፣ ጥር፣ ጥርርር።

ሞተሩን አጠፋው። ያም ሆኖ መጣ። ልጅቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እህቱ ውሃ ይዛ ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው። እሷ ካቻምና ከባሏ ቤት በተሰበረ ክንድና በነጠላ ጫማ ወጥታ ወንድሟ ጋ የተጠጋች ናት፤ የሚሸሽ ሰው አይሰወራትም። በመንገዱ መኪና ባለፈ ቁጥር የሴትየዋ ትከሻ እንደሚሰበሰብ አየች። ወንድሟን በክንዱ ጎተተችው።

«ይቺ ሴት አምልጣ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አንተ ሽቦ ታውቃለህ፣ እኔ ፍርሃት አውቃለሁ። ልጅቷን እያት እስቲ፣ ከሹራቡ ሥር የትምህርት ቤት ልብሷን አላወለቀችም። ከክፍል ነጥቃት ነው የሮጠችው፣ ወይኔ እህቴን!»

ልጅቷ ውሃውን ጨልጣ «እትዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለች ለሴትየዋ። እህትየዋም ሰፈሩ ሲጠራ እየሰማች እናቷን እስከ ሞተችበት ቀን «እትዬ» ነበር የምትላት። እጇን ዘርግታ ልትወስዳት ስትል ሴትየዋ ከመኪናው ተወርውራ ወረደች።

«ተያት! እኔው እወስዳታለሁ!»

ሲመለሱ ጆሮው «ስልክሽን ወዲያ አርቂልኝ፤ እንዲህ የሚያንጫጫው ስልክ ነው» አላት።

«ስልክ የለኝም። ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።»

የራሱንና የእህቱን ስልክ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ተመለሰ። ጥርር። መኪናው ውስጥ ማንም ያልያዘው ስልክ አለ ማለት ነው።

የኋላውን በር ሽፋን ፈልቅቆ ስፒከሩን ሳበው። ከጀርባው የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ሳጥን ተለጥፋለች፤ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ጂፒኤስ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲም ካርድ አለው። መኪናው የት እንዳለ ለሆነ ሰው ይናገራል። አሁንም እየተናገረ ነው።»

ሴትየዋ ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አለቀልኝ። እዚህ መሆናችንን ያውቃል። እኔን ይገድለኛል፣ ልጅቷን ይወስዳታል!»

ጆሮው መዶሻ አነሳ። እህቱ እጁን ቀለበችው።

«አንተ ጅል! ከሰበርከውማ መጨረሻ ላይ የሚናገረው የእኛን ግቢ ነው። ይናገር፣ ግን ውሸት ይናገር።»

ከመንገዱ ማዶ አንድ የጭነት መኪና ጆንያ ጭኖ ሲያበቃ ሸራውን እያሰሩለት ነበር። ወደ ድንበር ነው የሚሄደው። ጆሮው የኋላ መብራቱን የሚያይ መስሎ ከሥሩ ተንበረከከና ሳጥኗን በሽቦ አሰራት። የራሷ ባትሪ አላት፤ እስከ ነገ ትናገራለች። እጁን እየጠረገ ተመለሰ። የጭነት መኪናው ጭሱን ተፍቶ እስኪሄድ ሦስቱም በግቢው በር ስንጥቅ አጮልቀው ጠበቁ።

ሴትየዋ የእህትየዋን እጅ ሳመች።

«እኔ እንግዲህ በዚያኛው መንገድ...»

«እንዳትነግሪን!» አለች እህትየዋ፣ ለመንገድ ዳቦ እያቀበለቻት። «የመጣ መጥቶ ቢጠይቀን አላየንም እንላለን። አምላክ ይከተልሽ፣ ሂጂ።»

ጆሮው ዘፈኑን ከፈተው። ጥርር የሚል ነገር የለም፤ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ። የልጅቷ ለቅሶም አብሮ ተቋረጠ። በሩን ከፈተላቸው፤ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ወደ ኋላው መስኮት ጎንበስ አለና ጉንጯን ዳሰሳት።

«አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ከእንግዲህ አባትሽ አያገኝሽም።»

«አባዬማ ቤት ነው» አለች ልጅቷ፣ «ከእማዬ ጋር።»