የጊፋታ ማታ ኮከብ

ሶዶ የዞን ከተማ በሆነች በዓመቱ ጽጌሬዳ የመምህራን ማረፊያውን በር ሳታንኳኳ ገባች። ከባሏ ከአንጁሎ ቀብር ወዲህ ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው።

"ሻንቆ የታለ?"

ሻንቆ ከርዕሰ መምህሩ ከአቶ ይድነቃቸው ጎን ተቀምጧል። እሱም እንደ አንጁሎ የፊዚክስ መምህር ነው።

ጠቡ ስለ አንድ ኮከብ ነበር። ኮከቡ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ አንዱ በሌላው ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ይደክማል። አንጁሎ ብርሃኑ የሚደክምበትን ሰዓት ከቤቱ ግቢ በትንሽ ቴሌስኮፕ ለዓመታት ሲለካ ኖሯል። መጀመሪያ ብቻውን ነበር፤ ዓይኑን ከኮከቡ ወደ ሰዓቱ ሲያዞር ደቂቃዎች ያመልጡታል። ኋላ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ዓይኑን ሳይነቅል የኮከቡን ብርሃን ከጎረቤት ኮከቦች ጋር ያመዛዝናል፤ ሌላው በሬዲዮ የተስተካከለ ሰዓት ይይዛል። ስህተቱ ወደ ሰከንዶች ወረደ።

አሁን ውጤቱ ውጭ አገር ላለ ማኅበር ሊላክ ነው። ማኅበሩ የሚጽፈው ያየውን ሰው ስም ብቻ ነው።

"ያንተን ስም አስጻፍክ አሉኝ።"

"እትዬ፣ አይቆጡ። ጋሼ አንጁሎ ሰዓት ነበር የሚይዙት። የማየው እኔ ነበርኩ።"

"አፈሩ ሳይደርቅ! አታፍርም?"

"አንጁሎማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ለመግባት ይሮጥ ነበር" አለ የስፖርት መምህሩ ኤልሳዕ። "ሚስቱን ፈርቶ ነው እያልን እንስቅበት ነበር።"

"ለኮከቡ ነበር የሚሮጠው!" አለች ጽጌሬዳ።

ይድነቃቸው ወረቀቱን አነሳ። "ከሁሉም የበለጠው ልኬት የጊፋታ እሁድ ማታ የተደረገው ነው።"

"ያን ማታማ እኔው ነበርኩ" አለ ሻንቆ ፈጠን ብሎ።

ጽጌሬዳ ተጠጋችው።

"የጊፋታ ማታ? ትውልድ መንደርህ ቦምቤ ውስጥ አባትህ በሕይወት እያሉ፣ አንተ የዘመን መለወጫውን ማዕድ ጥለህ ሶዶ አመሸህ?"

"የበሬውን ሥጋ ትተህ ኮከብ ስታይ ነበር በለና!" አለ ኤልሳዕ። መምህራኑ ሳቁ።

የአባቱን ጊፋታ ጥያለሁ ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ልጅ ወላይታ ውስጥ የለም።

"ቦምቤ ነበርኩ" አለ ሻንቆ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ያን ማታ ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔና አንጁሎ ብቻ ነን። ሌላ ሰው ድርሽ አላለም።"

"እንግዲያው እርስዎ ሰዓት ሲይዙ የሚያየው እሱ ነበር ማለት ነው" አለ ይድነቃቸው።

"ስሙን ይጻፉ!"

ርዕሰ መምህሩ የሻንቆን ስም ሰርዞ የአንጁሎን ጻፈ። ጽጌሬዳ እያንዳንዷ ፊደል እስክታልቅ ከራሱ ላይ ቆማ አየች፤ ከዚያ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ከዚያ ጊፋታ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንጁሎን ዳፍንት ይዞት ነበር፤ ከመሸ፣ ፋኖስ ያስጠጋበት ሰዓት ካልሆነ በቀር ከፊቱ የቆመ ሰው እንኳ አይታየውም።