ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ሳጥን

«ኧረ ይሄን ነገር አጥፊልኝ! ሊያሳብደኝ ነው!»

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ኮምፒውተር ጠጋኟ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የጮኸባት...

ለደንበኛ የቢዝነስ ካርድ ዲዛይን እያሳየ ሳለ መሃል ላይ ግራጫ ሳጥን ዱብ ይላል። ይዘጋዋል... ሌላ ይመጣል።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለችው።

«ምን የማይለው አለ! ምሳ በላህ? ጎንበስ አትበል፣ ወገብህን ያምሃል... ደንበኛው ሳቀብኝ እኮ!»

«ማን ነው የሚልከው?»

«እሱን ተዪው እህቴ። አጥፊልኝ ብቻ!»

እሷም ምን ገዷት... ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚመጣውን፣ በአንድ ኔትወርክ ያሉ ኮምፒውተሮች የሚላላኩበትን አገልግሎት ፈልጋ ዘጋችው።

«እፎይ! አሁን ገና ሰላም አገኘሁ» አለ።

ልትወጣ ስትል ከጀርባው ክፍል አንድ ሰው ጠረጴዛ ሲደበድብ ሰማች።

ገባች...

አንገታቸው ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ያለባቸው አዛውንት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ስክሪናቸው «መልእክቱ አልደረሰም» ይላል።

ክው አለች!

ለካ ላኪው የባለቤቱ አባት ናቸው። ጉሮሯቸውን ከታመሙ ወዲህ መናገር አይችሉም። በዚህ መንገድ እንዲያወሩት ያስተማራቸውም ያው ልጃቸው ነበር...

የመፍቻ ቦርሳዋን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ቀስ እያሉ ጻፉላት።

«ልጄ፣ እግዜር ነው የላከሽ። ይሄ ነገር ተበላሽቶብኛል። ቶሎ ሥሪልኝ፣ ልጄን ያኮረፍኩት እንዳይመስለው።»

ምን ትበላቸው? «የዘጋሁት እኔ ነኝ» ትበል?

ወጥታ ባለቤቱን ጠራችው። «ወንድሜ፣ እስቲ ና ይቺን አንብባት።»

እያጉረመረመ መጣ። አነበበ... ደግሞ አነበበ።

ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። «አባዬ... አንተ አላኮረፍክም። እኔ ነኝ ያስዘጋሁት» አለና መልሳ እንድትከፍተው ጠጋኟን ለመናት።

አባት እጁን ብቻ ያዙት።

ወዳጆቼ... የማንፈልገውን መልእክት መዝጋት ነውር የለውም፣ እኔም በቀን ስንቱን ማስታወቂያ እዘጋለሁ። ግን ከመዝጋታችን በፊት ላኪው ማን እንደሆነ እንይ። ለአንዳንድ ሰው «ምሳ በላህ?» የምትለዋ ቃል የቀረችው ድምፁ ናት።

እናንተስ... ነዘነዘኝ ብላችሁ ዝም ያሰኛችሁት ሰው ማን ነው? መጀመሪያ ለእሱ መልሱለት፣ ከዚያ ምን ብሎ እንደመለሰላችሁ ኮመንት ላይ ንገሩን።