ሰባተኛው ማይክሮስኮፕ

ተማሪዎቿ «ምላጭ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን «ቲቸር» ነው። ባዮሎጂ አንድን ለሁለት ወገን ታስተምራለች። ጠዋት ለሳይንስ ተማሪዎች፣ ከሰዓት ደግሞ ሳይንስ ላልሆኑት፤ ለማኔጅመንቱ፣ ለታሪኩ፣ ለቋንቋው። እነዚህኞቹ ኮርሱን ካላለፉ አይመረቁም፤ አለዚያማ በላብራቶሪው ደጅም ባላለፉ። እሷም ብትሆን ዓይናቸውን ማየት አትፈልግም።

ጠዋት ስትገባ ፊቷ ይፈታል። ሠላሳ አንድ ናቸው፤ የገዛ ልጇም መሃላቸው አለች። ከሰዓት ስትገባ ግን ፊቷ ቅጭም ነው። «እናንተ ወንበር ለማሞቅ ነው የመጣችሁት» ትላቸዋለች ሃያ ስምንቱን፣ ቅንጣት ሳታፍር።

ከሃያ ስምንቱ አንዱን ደግሞ ጨርሶ ዓይኑን ለአፈር ብላለች። ሹፌሩን። ጠዋት አውቶቡስ ሲነዳ አርፍዶ ከሰዓት ማኔጅመንት የሚማር፣ አፉን የማይሰበስብ ጎልማሳ ነው። ገና በመጀመሪያው የላብራቶሪ ቀን የአየር አረፋ አይቶ ሴል መስሎት ወረቀት ላይ ሳለው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ስህተት ነው። ምላጭ ግን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ከሥሩም «የሹፌር ሴል» ብላ ጻፈችበት።

ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ ሥዕሉን ቆሞ አየና፣ «ቲቸር፣ ይቺን መቼም አልረሳት» አለ።

«ዛቻ ነው?»

«ኧረ ትምህርት ነው።»

አላመነችውም።

የተግባር ፈተናው እንዲህ ነው። ሃያ ማይክሮስኮፖች ይደረደራሉ፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ቀጭን ጠቋሚ አለ። ተማሪው ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ጠቋሚው ያረፈበትን ይጽፋል፣ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። መንካት ክልክል ነው። አምና አንዱ ቀልበ ቢስ ናሙናው ያረፈበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ገፍቶ ከኋላው የመጣውን ሁሉ አሳስቶ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ምላጭ የላብራቶሪውን ሠራተኛ፣ ሽማግሌውን ጋሼን፣ «ስላይዶቹን ማይክሮስኮፑ ላይ በፕላስተር ይለጥፉልኝ፣ ይፈርሙባቸውም» አለቻቸው።

መልሶቹን ቤቷ ቁጭ ብላ ጻፈች። ለጋሼ የስላይዶቹን ዝርዝር ብቻ ሰጠቻቸው። በፈተናው ጠዋት እያንዳንዱን ራሷ ልታይ ነበር፤ ዲኑ ለስብሰባ ጠሯትና አረፈደች። ተማሪው በር ላይ ከተሰለፈ በኋላ ደረሰች፣ ደወሉን ደወለች፣ ፈተናው ተጀመረ። ከሰዓት ደግሞ ሃያ ስምንቱ በዚያው ዕቃ ተፈተኑ።

በማግስቱ ማረም ያዘች። የጠዋቶቹ ወረቀት ልቧን ቅቤ አጠጣው። ከዚያ የከሰዓቶቹን አነሳች። የመጀመሪያው ወረቀት፣ ሰባት ቁጥር፦ «የአየር አረፋ»። መልሱ ሴል ነው፤ ምን ዓይነቱ ነው ብላ ኤክስ አደረገችበት። ሁለተኛው፦ «የአየር አረፋ»። ሦስተኛው፣ አራተኛው... ሃያ ስምንቱም «የአየር አረፋ»!

ደሟ ፈላ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ፊቷ ድቅን አለባት። ተማክረው ነው! ሊሳለቁባት!

ሹፌሩን ኮሪደር ላይ አገኘችው።

«ስንት ቀን ፈጀባችሁ ይሄን ለመዶለት?»

«ምኑን?»

«አረፋዋን!»

«ቲቸር፣ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ጠርዙ ጥቁር፣ ክብ፣ መሃሉ ባዶ። አረፋ ምን እንደሚመስል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ምላስህን ሰብስብ! ለምረቃህ ወር እንኳ አልቀረህም አይደል? ታያታለህ!»

ሹፌሩ ስድስት ዓመት ነው የተማረው፤ ለምረቃው ሚስቱ ከአሁኑ ዘመድ መጥራት ጀምራለች።

ምላጭ ክሱን ጻፈች፤ ለሃያ ሰባቱ ዜሮ፣ ለአድማ መሪው ስንብት። በዲኑ የሚመራው የዲሲፕሊን ኮሚቴ በሦስተኛው ቀን ተሰበሰበ። ሹፌሩ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በር አጠገብ ቆመ። ምላጭ ሃያ ስምንቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ የጠዋቶቹንም ለማነጻጸሪያ አጠገቡ ቆለለችው።

«ሃያ ስምንት ሰው በየራሱ እንዲህ አንድ ዓይነት ይሳሳታል? ሕፃን ነን እንዴ?»

ኮሚቴው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ዲኑ ግን፣ «እስቲ ዕቃው ራሱ ይምጣ» አሉ።

ጋሼ ከፈተናው ወዲህ ተቆልፎ ከነበረው ላብራቶሪ ሰባተኛውን ማይክሮስኮፕ አቅፈው አመጡ። ዲኑ ጎንበስ ብለው አዩበት።

«መምህርት፣ ይሄ እኮ አረፋ ነው።»

አየችው። አረፋ ነው። ወዲያው ግን ነገሩ ሁሉ የተገለጠላት መሰላት።

«ገፍቶታል! አያችሁ ተንኮሉን? ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ስላይዱን ገፋው፣ ጓደኞቹንም ይዟቸው ገደል ገባ! ጠዋት እዚህ ሴል ነበር። ሠላሳ አንድ ምስክር አለኝ፣ የገዛ ልጄን ጠይቁ!»

«በልጆቼ! እጄን አልሰነዘርኩም» አለ ሹፌሩ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዲኑ እስክሪብቶ አነሱ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ ጌታዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስላይዱን ስሠራ ቸኩዬ አየር አስገባሁበት መሰለኝ፤ ዙሪያውን በጥፍር ቀለም አሽጌዋለሁና ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ፕላስተሩንም ይዩት፣ አልተነካም። ፊርማዬ ከፕላስተሩ አልፎ ብረቱ ላይ እንደወጣ ነው። የፈረምኩትም ጠዋት ነው፣ አንድም ተማሪ ሳይገባ።»

ዲኑ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ሞከሩት፣ ፊርማውን አዩ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ከዚያ የጠዋቶቹን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡና ሰባት ቁጥርን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ።

ሠላሳ አንዱም፣ ከልጇ ጀምሮ፣ ማይክሮስኮፑ ውስጥ ያልነበረውን ሴል እሷ ቤቷ ቁጭ ብላ እንደጻፈችው ቃል በቃል ጽፈውታል።