ጎረቤቷ የመለሰችው ቁልፍ

«ቤቱ ቀዘቀዘ፣» አለ አይሁዳዊው ልብስ ሰፊ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ። በሰንበት ማሞቂያ ማብራትም ሆነ አብሩልኝ ማለት ሕጉ አይፈቅድለትም፤ ክርስቲያኗ ጎረቤቱ ግን ሁልጊዜ ነገሩ ገብቷት ታበራለት ነበር። ዛሬ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ከግድግዳው ጋር ሲያወሩ ሰማሁ! ዛሬ እንኳ እኔን አይተው ‹እባክሽ› ይበሉኝ።»

ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ማሞቂያውን አበራችለት፤ ከዚያ እሱ ሰጥቷት የነበረውን የቤቱን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች።

ቁልፉን አንስቶ ተከተላት። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ተሳሰረ፤ በሰንበት ዕቃ ይዞ መንገድ መውጣትም ክልክል ነው። «እባክሽ፣ ልጄ!» ብሎ ተጣራ። አልዞረችም። ቁልፉን አስቀምጦ ባዶ እጁን ሊከተላት ይችል እንደነበር የገባው የእሷ በር ከተዘጋ በኋላ ነው።