የጦረኛዋ ድክመት

እናት ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች፣ ልጇ ዳይስ እየጣለች ለምትጫወተው የጀብዱ ጨዋታ የፈጠረቻትን ጦረኛ መግለጫ ፊደል በፊደል አነበበች። «ጉ... ጉልበት፣ ዘጠኝ! ፍጥነት፣ ስምንት! ኧረ ይቺ ሴትዮ ማንንም አታስቀምጥም!» ብላ ሳቀች። ልጅቷ ወረቀቱን ሳብ አደረገች። «እማ፣ ስጪኝ በቃ። ጨዋታ ነው እኮ።» «አትናቂኝ! የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ እስከ ‹ፐ› የዘለቅሁት ለማን ብዬ ነው? ይሄ ታች ያለውስ ምንድን ነው?»

«ድክመቷ ነው። ብርታት ለበዛለት እውነተኛ ድክመት ይጻፍለታል። አለዚያ ሚዛኑ ይዛባና ጨዋታው አይጥምም» አለች ልጅቷ፣ መስመሩን በመዳፏ እየሸፈነች። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን መሸፈን ባላስፈለጋት ነበር። እናት የልጇን ጣቶች እየቀለደች አንድ በአንድ አንስታ አነበበች። «እናቷ ሥራ ስትሄድ የእንጀራ አባቷ ይመታታል። ያኔ እጇ አይታዘዝላትም።» አንድ ፊደል ተሳስታ እንደሆነ ብላ ደግማ አነበበችው። አልተሳሳተችም።

«ይሄም ጨዋታ ነው?» አለች በሹክሹክታ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከመኝታ ቤት የእንጀራ አባቷ ድምፅ መጣ። «አንቺ፣ ፈረቃሽ ደረሰ እኮ! ዛሬ አትሄጂም እንዴ?» «እየወጣሁ ነው» አለች እናት ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ልጇ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ጫማሽን አድርጊ።»