የዳምጤ በርሜል

ዳምጤ በርሜሉን ሠርቶ የጨረሰ ዕለት፣ የችግኝ ጣቢያው ሰው ሁሉ እልል አለለት።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ መቱ አጠገብ። ቡና ችግኙ መቼ ውሃ እንደሚጠማው የሚናገር መሣሪያ ከውጭ አገር መጣ። ሽቦው አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ መርፌው ደረቅ ወይም እርጥብ ይላል። ግን መጀመሪያ መለየቱን መማር አለበት፤ ደረቅ አፈር ምን እንደሚመስል ሊያስተምረው ነው ዳምጤ ከሸዋ መጥቶ በርሜል የቆረጠው፣ ቂጡን የበሳው፣ ቆርቆሮ የደፋበት።

አፈሩንም ሰው ሳይጠይቅ ራሱ አመጣ። እሑድ፣ ሰውም ከብትም በሌለበት፣ ከሶር ወንዝ ማዶ ገደል ስር ሞፈር ያልነካው ቦታ ቆፈረ።

«ሰነፎች! ይሄን የመሰለ መሬት ጦም ያድራል?»

በፀሐይ አደረቀና በርሜሉን ሞላ። ችግኝ አጠጪው ኩማ ቆሎውን እየቆረጠመ ሊያይ መጣ።

«ወግድ! ጨው በነካ እጅህ!» ጮኸ ዳምጤ። «ጨው ካገኘ መርፌው ደረቁን እርጥብ ይላል።»

«እሺ ጋሼ። ይሄ ከተማረ ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«ቤትህ ትተኛለሃ!»

ሰው ሳቀ። የልጆች አባት ኩማ አልሳቀም።

በማግስቱ ሽቦውን በርሜሉ ውስጥ ቢቀብሩት መርፌው እርጥብ አለ። ዘርግፈው አደረቁት፣ መለሱት። አሁንም እርጥብ! በርሜሉ ዙሪያ የኩማ እግርና የላሙ ኮቴ ዱካ ተገኘ።

«ውሃ እያፈሰስክብኝ ነው፣ አንተ ምቀኛ!»

«ኧረ በማርያም! ላሜን ልመልስ ነው የገባሁት። አጥር ጥሳ ትመጣለች። የእርስዎን አፈር ወዳዋለች፣ ጋሼ።»

«አፈሩ ማር ነው እንዴ?» አለች ጠራጊዋ አስካለማርያም። ሳቁ ጣቢያውን ሞላው።

ኩማን ፖሊስ አስሮ ወሰደው። በርሜሉም ማስረጃ ነው ተብሎ ታሸገ። ሚስቱ ዲሪቤ የዳምጤ ጉልበት ላይ ወደቀች።

«ጋሼ፣ ይማሩት! ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«መርፌ አይዋሽም፣ እናቴ።»

ክረምቱ ሳይገባ ኩማ እዚያው እስር ቤት በተስቦ ሞተ። ዲሪቤ ላሟን ሸጣ ተዝካሩን አወጣች።

የበርሜሉ እሽግ ተፈታ። ዳምጤ ኩማ አበላሸው ያለውን አፈር ደፋና ንጹሕ ሊያመጣ አካፋውን አነሣ።

በሥራ ቀን ወደዚያው ገደል ስር ቢወርድ፣ የአገሩ ከብት ሁሉ ተሰብስቦ መሬቱን ይልሳል።